ከባሕር ማዶ የተላከልን የዲስክ ማጫወቻ ምን ያህል ይጠቅመናል?

(በወላጆች ቀን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆመን የምንናገረው ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ርዝመቱ ከክንድ ያነሰ፥ ውፍረቱ ከሁለት ደብተር እምብዛም የማይበልጥ ጥቁር ሣጥን ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ተመርቀው ዛሬ በአሜሪካ አገር የሚኖሩ አንድ ወንድማችን «ለዘንድሮው በዓል ይሁናችሁ» ሲሉ ከአራት ዲስኮች ጋር ላኩልን። ስሙ ብሉ ሬይ ይባላል፤ ትርጓሜውም ሰማያዊ ጨረር ማለት ነው። ርእሰ መምህራችን ዕቃውን ከተረከቡ በኋላ እኛን አምስት ተማሪዎች አስጠርተው፥ «መርምሩትና ይጠቅመን እንደ ሆነ ለወላጆች ቀን ንገሩን። ስጦታ ስለ ሆነ ብቻ ግን አታመስግኑት» አሉን። ሥራውን ያከበደብን ይህ የመጨረሻው ቃል ነው።

ነገሩ ከዕቃው የሚያልፍበትም ምክንያት ነበረው። ክፍላችን ሲመረቅ ለትምህርት ቤቱ አንድ መታሰቢያ ትቶ ለመሄድ ከመስከረም ጀምሮ ገንዘብ ሲያጠራቅም ቆይቷል። ይኸውም ገንዘብ በእረፍት ቀን ድንች በማውጣት፥ በገበያ ቀን ዕቃ በመሸከም፥ ከዚያም ከየቤቱ በተለመነ ሳንቲም የተገኘ ነው። ከጓደኞቻችንም ብዙዎቹ «ማጫወቻው መልካም ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡን ለዲስክ መግዣና ለሰፊ ቴሌቪዥን እናውለው» ይሉ ነበር። ስለዚህ የኛ ፍርድ የጓደኞቻችንን ላብ የሚነካ ስለ ነበረ፥ ፈርተን ነው የጀመርነው።

ከውጭ የመጣ ጥበብን መመርመር ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ከከተማችን ጥቂት ወጣ ብሎ ባለው በጋፋት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ለወንጌል ሥራ የመጡትን የውጭ አገር ሠራተኞች መድፍ እንዲሠሩላቸው ባዘዟቸው ጊዜ የመጀመሪያው ሙከራ እንደ ከሸፈ፥ ኋላ ግን ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ እንደ ተጎተተ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወደ ራሳችን ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሌላው ታሪክ ነው። በ1890 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ቃላቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላኩ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በ1891 ዓ.ም. በዚያው መንገድ መልሳቸውን ላኩ። የንግሥቲቱ ቃል ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ስለ ታዘዘ ዛሬ የለም፤ የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ይሰማል። ቀጥሎም ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ወደ ጀርመን አገር ሄደው ሳሉ ዜማቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከሸክላ በኋላ ካሴት፥ ከካሴት በኋላ ሲዲ፥ ቪሲዲና ዲቪዲ እየተከታተሉ መጡ። እናቶቻችን ቤት ከቴሌቪዥኑ ሥር፥ የዳንቴል ልብስ ለብሶ የሚቀመጠውን ዴክ የማያውቅ በዚህ አዳራሽ አይኖርም። አዲሱ ማጫወቻ እንግዲህ የዚያ ዴክ ታናሽ ወንድም ነው።

አሠራሩን በአጭሩ እንናገር። ዲስክ ማለት ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች በጥምዝምዝ መስመር የተደረደሩበት ፕላስቲክ ነው። ማጫወቻው ጨረር ይልካል፤ ጨረሩ ከጉድጓዱ ሲመለስና ከሜዳው ሲመለስ ያለውን ልዩነት እያነበበ ወደ ሥዕልና ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። በአንድ ብራና ላይ በወፍራም መቃና በቀጭን መቃ የሚጻፈው ልክ አንድ እንዳይደለ ሁሉ፥ ጨረሩ በቀጠነ መጠን በዲስኩ ላይ የሚሰፍረው ይበዛል። የዲቪዲ ጨረር ቀይ ሲሆን የሞገዱ ርዝመት 650 ናኖሜትር ነው፤ የአዲሱ ጨረር ግን 405 ናኖሜትር ነው። በዚህም ምክንያት ዲቪዲ በአንድ ንጣፍ 4.7 ጊጋባይት ሲይዝ ብሉ ሬይ 25 ጊጋባይት ይይዛል። ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ዳዮድ መሥራት ሊቃውንቱን ብዙ ዓመት አድክሟቸዋል፤ ሦስት የጃፓን ተወላጆች፥ ኢሳሙ አካሳኪ፥ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ፥ በዚህ ሥራቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። የማጫወቻው ጨረርም የዚሁ ድካም ልጅ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ዕቃውን ልናጠፋው ምንም አልቀረንም ነበር። ከሣጥኑ አውጥተን፥ አቧራውን ጠርገን፥ ሶኬት ላይ ልንሰካው እጃችንን ስንዘረጋ፥ ሊያይ የመጣ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ከጀርባው ያለውን ጽሕፈት ጮክ ብሎ አነበበ። «120 ቮልት» ይላል። የኛ አገር ኤሌክትሪክ ደግሞ 220 ቮልት ነው። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፊዚክስ ስንማር የኖርን ሳለን ይህን ያየው ልጅ ኤሌክትሪክን ገና ያልጀመረ ነው። ስሙን እንዳንጠራ ራሱ ለምኖናል። ከዚያ በኋላ ከአንድ ወላጅ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ተውሰን ሥራችንን ቀጠልን። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 60 ጊዜ፥ የኛ ግን 50 ጊዜ የሚመላለስ መሆኑም አሳስቦን ነበር፤ ዳሩ ግን ማጫወቻው የሚገባውን ኀይል በውስጡ ወደ ቀጥተኛ ስለሚለውጠው ይህ እንደማይጎዳው የፊዚክስ መምህራችን አስረዱን።

በትራንስፎርመሩ ላይ ሌላ ነገር አገኘን። በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተራራ ሥዕል ተሥሎ ከሥሩ 2,000 ሜትር የሚል ቁጥር አለበት። ይህ የቻይና ፋብሪካዎች የሚለጥፉት ምልክት ሲሆን ዕቃው ከ2,000 ሜትር በላይ ላለ ቦታ አልተፈተነም ማለት ነው። ደብረ ታቦር ያለችው ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከጉና ግርጌ ያሉት ዘመዶቻችንማ ከዚያም ይበልጣሉ። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ የኤሌክትሪክ ብልጭታን የመከልከል ኀይሉ ይቀንሳል፥ የሞቀ ዕቃንም እንደ ቆላ አየር አያበርድም። ምልክቱ ዕቃው የግድ ይቃጠላል ማለት ስላልሆነ እኛም ሥራውን አልተውንም፤ ነገር ግን በጨርቅ ሳንሸፍነው፥ በየሰዓቱ እያሳረፍነው ሠራን፤ አንድም ቀን አላስቸገረን። ዳንቴል ግን ይቅርባችሁ፤ ይህን የምንለው ለእናቶቻችን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና እንለፍ። ከተላኩት ዲስኮች አንዱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 የእንግሊዝ ቢቢሲ ያሳየው ፕላኔት ኧርዝ የተባለው ፊልም ነው። ስለ ተራሮች በሚናገረው ክፍል የኛው የሰሜን ጭላዳ ዝንጀሮ አለበት። ከመምህራኖቻችን አንዱ ይኸንኑ ፊልም በዲቪዲ ስለ ነበራቸው፥ ዲቪዲውን በአሮጌው ዴክ፥ አዲሱን ዲስክ በአዲሱ ማጫወቻ፥ ሁለቱንም በአንድ 32 ኢንች ቴሌቪዥን አሳየን። የቁጥሩ ልዩነት እንዲህ ነው። በኛ አገር ዓይነት ዲቪዲ አንዱ ሥዕል 720 በ576፥ ይኸውም 414,720 ነጥቦች አሉት። የብሉ ሬዩ 1,920 በ1,080 ሲሆን ሲባዛ 2,073,600 ይሆናል። አካፍላችሁ ብታዩት ልክ አምስት እጥፍ ነው፤ ምንም አይተርፍም። ይህን ባገኘን ጊዜ ሥራው ያለቀ መስሎን ነበር።

በመጀመሪያው ረድፍ ለተቀመጠ ሰው በእርግጥም ልዩነቱ የሚያስደንቅ ነው። ጭላዳው ሣር ሲነቅል በዲቪዲው የሚታየው እጅና አረንጓዴ ነገር ብቻ ነው፤ በአዲሱ ግን ጣቶቹ አንድ በአንድ፥ የሣሩም ቅጠል አንድ በአንድ ይታያል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ሲሸበሸብ ጭምር አየን። አንድ ከሰሜን የመጣ ጓደኛችን፥ «እኔ በእግሬ ሄጄ አጠገባቸው ቁሜ ሳይ እንኳ እንዲህ አላየኋቸውም» አለ።

ነገር ግን ዲስኮቹን በጨርቅ ከልለን የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ስምንት የ9ኛ ክፍል ልጆችን ጠየቅን። ከፊት ሲቀመጡ ስምንቱም አወቁት። ወደ ሦስተኛው ረድፍ ስንመልሳቸው አራቱ አወቁ፥ አራቱ ሳቱ፤ ይህም ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይሻልም። ምክንያቱን በሂሳብ ፈለግነው። ደኅና ዓይን ያለው ሰው ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ያህል ሲሆን ነው። የቴሌቪዥናችን ቁመት 40 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ፥ ለ1,080ው መስመር ስናካፍለው እያንዳንዱን ነጥብ ለመለየት ከ1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ባልራቀ ቦታ መቀመጥ ያስፈልጋል። የዲቪዲው 576 መስመር ግን እስከ 2 ሜትር ከ40 ድረስ ይለያል፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ሰው አምስት እጥፍ ሥዕል ቢሰጡት የዲቪዲውን ያህል ብቻ ያያል። እንግዲህ ስድሳ ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ በዚህ ቴሌቪዥን ከአዲሱ ማጫወቻ የሚጠቀሙት ስንት ናቸው? ቆጠርናቸው፤ ሰባት ናቸው። በቤት ውስጥ ግን፥ ሳሎኑ ጠባብ ለሆነና ልጆች ከቴሌቪዥኑ ሥር ተኮልኩለው ለሚያዩበት ቤት፥ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ስለዚህ «የቤት ማጫወቻ» መባሉ ትክክል ነው እንላለን፤ የአዳራሽ አይደለም።

ስለ መብራት መቋረጥ ብዙ ማለት አያስፈልግም፥ ሁላችንም እናውቀዋለን። አሮጌው ዴክ ሲመለስ በአሥራ አምስት ሴኮንድ ይነሣል፤ አዲሱ ግን ዲስኩን አንብቦ ለመነሣት ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ በዚያም ላይ አንዱ ዲስክ ካቆመበት አይቀጥልም፥ ከመጀመሪያው ይነሣል እንጂ። ከመጀመሪያው ማለት ደግሞ ፊልሙን መቅዳት ክልክል ነው ከሚለው የአሜሪካ መንግሥት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ይህንም በሪሞት መዝለል አይቻልም። በአንድ ቅዳሜ መብራት አራት ጊዜ ስለ ሄደ፥ ትንንሾቹ ተማሪዎች ማስጠንቀቂያውን በእንግሊዝኛ በቃላቸው ያዙት። የእንግሊዝኛ መምህራችን ከዕቃው ያገኘነው የመጀመሪያው ትምህርት ይኸ ነው ብለው ሳቁ።

ከአራቱ ዲስኮች አንዱ ደግሞ ጨርሶ አልከፈተም። ማጫወቻው «በኢንተርኔት አድሱኝ» የሚል ጽሕፈት አወጣ። አዳዲስ ዲስኮች በምስጢር ቁልፍ ስለሚቆለፉ ማጫወቻው አዲሱን ቁልፍ ከፋብሪካው መቀበል አለበት። ይህ ነገር ለኛ ቀላል አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ምን ያህል እንደ ተቸገርን የተፈታኝ ተማሪ ሁሉ ያስታውሳል። በዚያን ጊዜ ያጽናናን በእጅ የሚያዝ ነገር ነበር፤ መጽሐፍ፥ የተቀዳ ፍላሽ፥ አሮጌ ዲቪዲ። ዲስክ ከሌሎች የሚሻልበት ትልቁ ነገር ከማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ መነሣቱ ነው፤ ዲስኩ ራሱ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ይህ ብልጫው ይቀራል። ዝመናውን ከሌላ ቦታ በፍላሽ አስመጥተን ኋላ ተከፈተ፤ ሦስት ሳምንት ግን ፈጅቷል።

አሁን የምንናገረው ከሁሉ ያሳዘነን ነገር ነው።

በአራተኛው ቅዳሜ አንዳንድ ወላጆችን ጋብዘን ማጫወቻውን አሳየናቸው። ጭላዳውን አዩ፥ ውቅያኖሱን አዩ፥ ተደነቁም። ከዚያ አንዲት እናት፥ «ይኸስ እጅግ ያምራል ልጆቼ፤ የኛውን ደግሞ አሳዩን» አሉ። «የኛው» ያሉት በቤተ መጻሕፍታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ያለውን ዲስክ ነው። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የትምህርት ቤታችን በዓል በካሴት ተቀርጾ ኋላ ወደ ዲቪዲ የተገለበጠ ነው። የዚያን ዘመን ተማሪዎች ሰልፍ፥ የቡሄ ጨዋታቸው፥ ኋላም ያረፉት የሂሳብ መምህር ንግግር አሉበት። የሴትዮዋ ወንድም ከሰልፈኞቹ አንዱ ነበሩ፤ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ዲስኩን በአዲሱ ማጫወቻ ውስጥ ከተትነው። ጥቂት አጉረመረመና «ይህን ዲስክ ማጫወት አይቻልም» ብሎ መለሰልን። ደግመን ከተትነው፥ ያንኑ መለሰ። እናትየዋ ምንም አላሉም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። እኛ ግን አፈርን።

ምክንያቱን ኋላ ደረስንበት። የዲስክ ነጋዴዎች ዓለምን እንደ ጉልት ተካፍለዋታል። በዲቪዲ አሜሪካ 1ኛ ክልል ናት፤ ኢትዮጵያ ከብዙው የአፍሪካ ክፍል፥ ከህንድና ከሩሲያ ጋር 5ኛ ክልል ውስጥ ናት። በብሉ ሬይ ደግሞ አሜሪካ ኤ ስትሆን አፍሪካ ከአውሮፓ ጋር ቢ ናት። ለአንዱ ክልል የተሠራ ማጫወቻ ለሌላው ክልል የተቆለፈውን ዲስክ አይከፍትም። የኛ ዲስክ በቤት የተቀዳ ስለ ሆነ የክልል ቁልፍ የለበትም፤ ነገር ግን ሌላ ችግር አለበት። የኛ አገር ቴሌቪዥን ፓል በሚባለው ሥርዓት በሴኮንድ 25 ሥዕል ያሳያል፤ የአሜሪካው ወደ 30 ገደማ ነው፤ ብዙዎቹ የአሜሪካ ማጫወቻዎችም ፓልን አይቀበሉም። ስለዚህ ይህ መኪና የጭላዳውን ጣት ይቈጥራል፥ የሴትዮዋን ወንድም ግን አያውቃቸውም። ላኪው ወንድማችን በዚህ ጥፋት የለባቸውም፤ በሚኖሩበት አገር ገበያ ያለውን መልካም ዕቃ ገዝተው ነው የላኩት።

በዚያው ቀን ዲስኩን ወደ አሮጌው ዴክ ወሰድነው። ተነሣ። ሰልፉ መጣ፤ እናትየዋ እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘርግተው፥ «ያ ነው፥ ከኋላ ያለው ረጅሙ» አሉ። ሥዕሉ ደብዛዛ ነው፥ ፊታቸው በደንብ አይለይም፥ እሳቸው ግን በአረማመዳቸው አወቋቸው። ከዚያ የሂሳብ መምህሩ ለንግግር ተነሡ። «ልጆቼ፥ እኔ ከእናንተ የምፈልገው» ካሉ በኋላ ሥዕሉ ቆመ፥ ተቈራረጠ፥ ዴኩም ዲስኩን ተፋው።

ዲስኩን አውጥተን በብርሃን ስናየው ተጭሯል፤ ከዚህም የከፋ ነገር አለ። በቤት የሚቀዳ ዲቪዲ በፋብሪካ እንደሚታተመው ጉድጓድ የለውም፤ ጽሕፈቱ በቀለም ንጣፍ ላይ በጨረር የተጻፈ ነው። ያ ቀለም በሙቀትና በፀሐይ ብርሃን ቀስ በቀስ ይበላሻል። ዲስኩም ለብዙ ዓመት በመስኮት አጠገብ ቆሟል። ይህን የምንናገረው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ እኛም ባንጠየቅ ኖሮ ዞር ብለን አናየውም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን ማጫወቻ መመርመር ቀርቶ ዲስክ ማዳን ሆነ። በመጀመሪያ በለስላሳ ጨርቅ ጠረግነው፤ ሲጠረግ እንደ ሰሓን በዙሪያው ሳይሆን ከመካከሉ ወደ ጠርዙ በቀጥታ ነው፥ ዙሪያውን ከተፋቀ የሚፈጠረው ጭረት ጽሕፈቱን ተከትሎ ስለሚሄድ የበለጠ ይጎዳል። ቀጥሎ የኮምፒዩተር መምህራችን የተበላሸውን ቦታ እየዘለለ፥ ተመልሶም ደጋግሞ የሚያነብ ፕሮግራም አስነሡልን። ሌሊቱን ሙሉ አነበበ፤ መብራት እንዳይሄድ ጸሎት አደረግን፥ አልሄደም። ከ46 ደቂቃው 38ቱ ዳነ። የጠፋው ስምንት ደቂቃ ግን በአንድ ቦታ ነው፤ የመምህሩ ንግግር ነው።

የዳነውን በፍላሽ አድርገን፥ እንዲያው ለመሞከር ያህል፥ በአዲሱ ማጫወቻ ፊት ለፊት ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ሰካነው። ዲስኩን አልቀበልም ያለው መኪና ፍላሹን ተቀበለ፤ ሰልፉም አንድ ሳይቀር ወጣ። በአገልግሎት ረገድ ከዕቃው ያገኘነው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። በዚህችው ቀዳዳ የሳይንስ ትምህርት ፊልሞችንም አሳይተንበታል፤ ምንም አላስቸገረም።

ስለ ዕቃው የወደፊት ዕድልም ጠይቀናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ሁለት ዓይነት የከፍተኛ ጥራት ዲስኮች ገበያ ላይ ወጥተው ተወዳድረው ነበር፤ አንዱ ይኸው ብሉ ሬይ፥ ሌላው የቶሺባ ኤችዲ ዲቪዲ። በየካቲት 2008 ቶሺባ ተሸንፎ ሥራውን አቆመ፤ ያን ዕቃ የገዙ ሰዎችም አዲስ ዲስክ የማይወጣለት ማጫወቻ ይዘው ቀሩ። አሸናፊው ግን ድሉን ብዙ አልበላበትም። ሳምሰንግ በ2019 አዲስ ማጫወቻ ማውጣቱን አቆመ፤ በ2023 ኔትፍሊክስ ዲስክ በፖስታ መላኩን ተወ፤ ሶኒም በ2025 በቤት የሚቀዳበትን ባዶ የብሉ ሬይ ዲስክ መሥራት አቆመ። ፊልም ዛሬ በኢንተርኔት ይመጣል። በኛም አገር ዘፈንና ፊልም በብዛት የሚወጣው በዩቲዩብ ነው፤ በየመንገዱ ዳር ይሸጥ የነበረው ቪሲዲ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። እንግዲህ በደብረ ታቦር የብሉ ሬይ ዲስክ እንገዛለን ማለት በጉና ላይ ሙዝ እንተክላለን እንደ ማለት ነው፤ ፈልገንም በከተማችን አንድ እንኳ አላገኘንም።

በመጨረሻ አምስታችን ተቀምጠን ተከራከርን። ከመካከላችን ሁለቱ ማጫወቻው ይሸጥና ገንዘቡ ከክፍሉ ገንዘብ ጋር ይደመር አሉ። ክርክራቸው ቀላል አልነበረም፤ ሰባት ሰው ብቻ ለሚጠቀምበት ዕቃ ቦታ መያዝ ምን ይረባል ብለዋል። ሦስታችን ግን ስጦታው ይቆይ አልን። ለዲስኩ ሳይሆን ለቀዳዳዋ ነው፤ ደግሞም ላኪው ወንድማችን በዓይናቸው መጥተው ሲያዩት ደስ እንዲላቸው ነው። ሦስት ለሁለት ተወሰነ። የሁለቱ ጓደኞቻችንም ሐሳብ እንዲነገር ተስማምተናልና ይኸው ነግረናችኋል።

ስለ ክፍላችን ገንዘብ ግን አምስታችንም አንድ ነን። ለዲስክ መግዣ አይውልም፥ ለሰፊ ቴሌቪዥንም አይውልም። ሁለት የኮምፒዩተር ዲስክ ይገዛበት፤ አንዱ በቤተ መጻሕፍት፥ አንዱ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጥ። የትምህርት ቤቱ ፎቶግራፍ፥ ካሴትና ዲቪዲ ሁሉ በሁለቱም ላይ ይገልበጥ፤ በየዓመቱም የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች እየከፈቱ መነሣት አለመነሣቱን ይመርምሩ። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነገር እንዴት እንደሚጠፋ በስምንት ደቂቃ ተምረናል። ክፍሉም ባለፈው ሐሙስ በድምፅ ብልጫ ይህን ተቀብሏል።

ስለዚህ ወላጆቻችንን የምንለምነው አለን። በ1992 ዓ.ም. በዓል ላይ የነበራችሁ፥ ካሴቱን ወይም ሌላ ቅጂውን በቤታችሁ ያኖራችሁ ካላችሁ እባካችሁ አምጡልን። የመምህሩን ንግግር የሰማችሁም፥ ከተማሪዎቻቸው ምን እንደሚፈልጉ የተናገሩትን ብትነግሩን እንጽፈዋለን። እስከ አሁን ሦስት ሰዎች ነግረውናል፤ አንዱ «ሰዓት አክብሩ» ነው ያሉት ይላሉ፥ ሌላዋ «ወላጆቻችሁን አስተምሩ» ነው ይላሉ፥ ሦስተኛው ደግሞ ስለ ትምህርት ቤቱ አጥር ነው የተናገሩት ይላሉ። ሦስቱንም ጽፈናል።

ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት በቤተ መጻሕፍት እንገኛለን። የሠርግም ሆነ የክርስትና ካሴት ብታመጡ፥ የትምህርት ቤታችን ሰው ያለበት ከሆነ እንገለብጥላችኋለን። ስማችሁንና ዓመተ ምሕረቱን በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉበት፤ ስንቀበል ደረሰኝ እንሰጣለን። ማጫወቻውን ማየት የምትፈልጉም በዚያው ሰዓት መምጣት ትችላላችሁ፤ ጭላዳውን ለማየት ግን በፊተኛው ረድፍ ተቀመጡ።